ዲዛይኑ ከጀሪካኑ ይጀምር፦ ለአዳማ ተመራማሪዎችና ለውሃ ሥራ ኃላፊዎች ግልጽ ደብዳቤ

ለአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪና የማቴሪያል ሳይንስ ተመራማሪዎች፣
ለአዳማና ለአካባቢዋ የውሃ ሥራ ኃላፊዎች፣

የተከበራችሁ፣

የኬሚስትሪ መምህር ነኝ። ተወልጄ ያደግኩት ወንጂ ነው፤ የማስተምረው አዳማ። የምጽፍላችሁ ከድንጋይ እየሟሟ የጉድጓድ ውሃችን ውስጥ ስለሚበዛው ፍሎራይድና ስለ ማጣሪያው ነው። ይህን ደብዳቤ ያስጀመረኝ ግን የአንዲት ተማሪዬ ጉርድ ፎቶ ነው።

ባለፈው ዓመት የፈተና ፎርም ስንሞላ ፎቶ አንሺ ግቢ ድረስ መጣ። ግድግዳው ላይ ነጭ ጨርቅ ሰቀለና ተማሪዎቹን ተራ በተራ አስቀመጠ። የልጅቷ ተራ ሲደርስ ጓደኞቿ ከካሜራው ኋላ ቆመው ያስቋት ጀመር። ሳቋ ሲያመልጣት በእጇ አፏን ሸፈነች። ፎቶ አንሺው "እጅሽን አውርጂ" አላት። አወረደች። ከንፈሯን ግን እንደገጠመች ቀረች። ክፍሉን ሁሉ የምታስቅ ልጅ ናት። ፎቶው ላይ ያለችው ግን የተቆጣች የምትመስል ሌላ ልጅ ናት።

በኋላ ብቻዋን ሳገኛት ምን ሆና እንደነበር ጠየቅኳት። "ቲቸር፣ ጥርሴ በልዟል እኮ" አለችኝ። ቀጥላ "በምንድን ነው የሚለቀው?" ብላ ጠየቀችኝ።

አይለቅም። እኔም በእሷ ዕድሜ በከሰል ፈግፍጌዋለሁ። ድዴ ደማ እንጂ ጥርሴ አልነጣም። የበለዘ ጥርስ ላዩ ላይ ቆሻሻ የተለጠፈበት ጥርስ አይደለም። ገና ድድ ውስጥ ሆኖ ሲሠራ ነው የተጎዳው። ልጅ ከተወለደ እስከ ስምንት ዓመቱ ገደማ ቋሚ ጥርሶቹ ከሥር እየተሠሩ ነው። በዚያ ጊዜ የሚጠጣው ውሃ ፍሎራይድ ከበዛበት የጥርሱ ሽፋን በደንብ ሳይጠነክር ይቀራል። ጥርሱ ሲወጣ ይነጣጠባል፣ ቡናማ ይሆናል፣ አንዳንዱም ይሸራረፋል።

በአዋቂ ደግሞ አጥንት ላይ ይወጣል። አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሸንኮራ ሲቆርጡ ኖረዋል። ጡረታ ሲወጡ ከኋላቸው ስጠራቸው አንገታቸውን አያዞሩም ነበር፤ መላ አካላቸውን ይዘው ነበር የሚዞሩት። ጫማቸውን እናቴ ነበረች የምታስርላቸው። ሰፈር ውስጥ "ወገባቸውን ይዟቸው ነው" ይባል ነበር። የአጥንት ፍሎሮሲስ የሚለውን ስም የሰማሁት ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ ነው። የወንጂ የስኳር ፋብሪካ በ1954 እ.ኤ.አ. ሥራ ሲጀምር ሠራተኛው የሚጠጣው የጉድጓድ ውሃ ነበር። በወንጂ-ሸዋ የስኳር እርሻ ሠራተኞች ላይ ይህ በሽታ መታየቱ ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሕክምና ጽሑፎች ተመዝግቧል። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትን የመሳሰሉ ሐኪሞች ለዓመታት አጥንተውታል። ስለዚህ አዲስ ነገር ይዤ አልመጣሁም። ጉዳዩ ከእኔ ዕድሜ ይበልጣል።

የአዳማ ከተማ የቧንቧ ውሃ ከአዋሽ ተጠልፎና ተጣርቶ የሚመጣ ነው። ወንዙ ከብዙዎቹ ጥልቅ ጉድጓዶች ያነሰ ፍሎራይድ ነው ያለው። ከከተማዋ ወጣ ስንል ግን ነገሩ ይለያል። ከጉድጓድ የሚቀዳበት ቦኖ አለ፣ በጋሪ የሚሸጥ ውሃ አለ፣ ቧንቧው ሲጠፋ የሚኬድበት የግለሰብ ጉድጓድ አለ። የስምጥ ሸለቆው ድንጋይ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ውሃው በውስጡ ሲያልፍ ፍሎራይዱን ያሟሟል። ደግሞም የእኛ ጉድጓድ ውሃ ሶዲየምና ባይካርቦኔት የበዛበት፣ ካልሲየም ያነሰበት ነው። ካልሲየም ቢበዛ ፍሎራይድን ይዞ በዘቀጠ ነበር። ስለሌለ ውሃው ውስጥ ሟሙቶ ይቀራል።

ፍሎራይድ አይታይም፣ አይሸትም፣ በጣዕምም አይለይም። ብዙ እናቶች "አፍልቼ ነው የማጠጣቸው" ሲሉ እሰማለሁ። ለተቅማጥ ልክ ናቸው። ፍሎራይድ ግን በማፍላት አይወጣም። እንዲያውም ውሃው እየተነነ ሲያንስ የቀረው ውስጥ ያለው ፍሎራይድ ይበዛል። ይህን ለሰው ስነግር ፊቱ ላይ የማየው ድንጋጤ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል። ሰው የሚችለውን ሁሉ እያደረገ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። ጥቂት ፍሎራይድ ለጥርስ ይጠቅማልና ዜሮ ይሁን አንልም። ከ1.5 በታች ይውረድልን ነው የምንለው።

እስካሁን ምን ተሞክሯል? ብዙ። የአጥንት ከሰል አለ። የከብት አጥንት አየር ሳያገኝ ተቃጥሎ፣ ተፈጭቶ ውሃው በውስጡ ያልፋል። አጥንትም ጥርስም ማዕድናቸው አንድ ነው፤ ሃይድሮክሲአፓታይት ይባላል። ስለዚህ ከሰሉ ፍሎራይድን የሚይዘው ጥርሳችን በሚይዝበት ምክንያት ነው። ጥሩ ይሠራል። ግን በጾም ወቅት የአጥንት ውሃ አልጠጣም የሚል አለ፤ ከብቱ በማን እጅ እንደታረደ የሚጠይቅም አለ። ሁለቱም ሊከበርላቸው ይገባል። ሕንድ ውስጥ የተጀመረው የናልጎንዳ ዘዴ አለ። አሉም የሚባል የአሉሚኒየም ጨውና ኖራ ውሃው ውስጥ ተጨምሮ ይማሰላል፣ ከዚያ ይዘቅጣል። መድኃኒቱ በየቀኑ ተመዝኖ መግባት አለበት፣ ዝቃጩም ብዙ ነው። አክቲቬትድ አሉሚና የሚባል ቀዳዳ የበዛበት የአሉሚኒየም ኦክሳይድም አለ፤ እሱ በደንብ የሚሠራው ውሃው ትንሽ ወደ አሲድነት ሲያደላ ነው። የእኛ ውሃ ደግሞ ወደ ቤዝ የሚያደላ ነው።

አንድ ትምህርት ቤት ያየሁትን ልንገራችሁ። የቀበሌውንም የለጋሹንም ስም አላነሣም። ግቢው ውስጥ ሰማያዊ በርሜል ቆሟል፤ ከሥሩ ሁለት ቧንቧ አለው። ልጆቹ በእረፍት ሰዓት ተሰልፈው በእፍኛቸው ይጠጣሉ። በርሜሉ ላይ "ንጹህ የመጠጥ ውሃ" ተብሎ በቀለም ተጽፏል። የጥበቃውን አባት ውስጡ ያለው የአጥንት ከሰል ማጣሪያ መቼ እንደተቀየረ ጠየቅኳቸው። "ከመጣ ጀምሮ ማንም ነክቶት አያውቅም" አሉኝ። ከጉድጓዱ አንድ ጠርሙስ፣ ከበርሜሉ አንድ ጠርሙስ ቀድቼ አዲስ አበባ ላቦራቶሪ ለሚሠራ ጓደኛዬ ወሰድኩለት። የሁለቱ ውጤት ልዩነት አልነበረውም ማለት ይቻላል። በርሜሉ ከሞተ ቆይቷል። ማጣሪያ ሲሞት ውሃው አይደፈርስም፣ ጣዕሙ አይቀየርም። ልጆቹ እያመኑ ይጠጣሉ። ከዚህ ሁሉ እንቅልፍ የነሳኝ ይኸኛው ነው።

እንዲህ ሆኜ ሳለ ነው ስለ ስስና ባለቀዳዳ ናኖ ቁሶች ማንበብ የጀመርኩት። ማንበብ ጀምሬም ማቆም አልቻልኩም።

ተማሪዎቼን ሳስተምር በእንጀራ ነው የማስረዳቸው። አንድ ወፍራም ድፎ ዳቦና አንድ እንጀራ አስቡ። ወጥ ብታፈሱባቸው ዳቦው ላዩ ብቻ ይርሳል፤ መሐሉ ደረቅ እንደሆነ ይቀራል። እንጀራው ግን ስስ ነው፣ ዓይን አለው። ወጡ ወዲያው ሰርስሮ ይገባል። ፍሎራይድን የሚይዝ ቁስም እንዲሁ ነው። ወፍራም ቅንጣት ከሆነ መሐሉ ያለው ቦታ ብዙ ጊዜ ሳይነካ ይቀራል። ውሃው ማጣሪያ ውስጥ የሚቆየው ለደቂቃዎች ነውና ወደ ውስጥ ለመግባት ጊዜ የለውም። ቁሱ በጥቂት ናኖሜትር ውፍረት እንደ ቅጠል ሲሳሳ ግን ሁለቱም ፊቱ ይሠራል። ናኖሜትር የአንድ ሜትር አንድ ቢሊዮንኛ ነው፤ የአንድ የፀጉር ዘለላ ውፍረት ብቻውን 80,000 ናኖሜትር ያህል ይሆናል።

ዓይኑ ከየት ይመጣል የሚል ተማሪ አይጠፋም። እናቶቻችን አብሲት ጥለው፣ ሊጡ ኩፍ ብሎ፣ ምጣዱ ሲግል አየሩ በላይ ሲወጣ ዓይኑን ትቶት ይሄዳል። ተመራማሪውም እንዲሁ ያደርጋል። ቁሱ ሲሠራ አብሮት የሚገባ ነገር አለ፤ ጨው ሊሆን ይችላል፣ እንደ ሳሙና ያለ ሞለኪውል ሊሆን ይችላል። ቁሱ ከጠነከረ በኋላ ያ ነገር ታጥቦ ወይም ተቃጥሎ ይወጣል። ቦታው ቀዳዳ ሆኖ ይቀራል። የቀዳዳውን መጠን የሚወስነው መጀመሪያ የገባው ነገር ነው።

ችግሩም ያው የእንጀራ ችግር ነው። ትኩስ እንጀራ በትኩስ እንጀራ ላይ ሲደረብ ይጣበቃል። ስስ ናኖ ቅጠሎችም ሲደርቁ እርስ በርስ ይጣበቃሉ። ተጣበቁ ማለት ስስነታቸው ጠፋ ማለት ነው። ስለዚህ በመሐላቸው የሚያራርቅ ነገር ማስገባት፣ ወይም ከሌላ ነገር ላይ ቆመው እንዲያድጉ ማድረግ ያስፈልጋል። ወደዚህ እመለሳለሁ።

ቀዳዳ ብቻውን ግን አይበቃም። ባክቴሪያ 1,000 ናኖሜትር ያህል ነው፤ ወንፊት ይይዘዋል። ፍሎራይድ ግን ከአንድ ናኖሜትር በታች ነው። በወንፊት እንያዘው ብንል በከፍተኛ ግፊት የሚሠራ የሪቨርስ ኦስሞሲስ ማሽን ያስፈልጋል፤ እሱም መብራት ይፈልጋል፣ ከውሃውም ከፊሉን ይጥላል። ስለዚህ የቀዳዳው ግድግዳ ፍሎራይድን የሚወድ መሆን አለበት። አሉሚኒየም፣ ዚርኮኒየም፣ ካልሲየምና ላንታነም ፍሎራይድን አጥብቀው ይይዛሉ።

በ2025 እ.ኤ.አ. የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ለሱሱሙ ኪታጋዋ፣ ለሪቻርድ ሮብሰንና ለኦማር ያጊ ሲሰጥ ክፍል ገብቼ ሙሉ ፔሬዱን ስለ እሱ ነው ያወራሁት። የተሸለሙት የብረታ ብረት አተሞችን በካርቦን ሞለኪውሎች እያያያዙ ክፍት ክፍሎች ያሉት ክሪስታል በመሥራታቸው ነው። ሞፍ ይሉታል። ያጊ በ1999 እ.ኤ.አ. ይፋ ያደረገው አንዱ ዓይነት ጥቂት ግራሙ ብቻ የውስጥ ግድግዳው ቢዘረጋ የእግር ኳስ ሜዳ ያህላል። ተማሪዎቼ ዝም ያሉት ግን ለሜዳው አይደለም። ያጊ ከፍልስጤም ስደተኛ ቤተሰብ አማን ውስጥ ተወልዶ፣ የቧንቧ ውሃ በሌለበት ቤት ማደጉን ስነግራቸው ነው። አንዱ ከኋላ ወንበር "እንደ እኛ ጀሪካን ተሸክሟል ማለት ነው?" አለ።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄዬ ልምጣ።

በየመጽሔቱ የሚወጡትን የፍሎራይድ ጥናቶች ሳነብ አንድ ነገር ይደጋገማል። ንጹህ የተጣራ ውሃ ይወሰዳል። ሶዲየም ፍሎራይድ ይጨመርበታል፤ ብዙ ጊዜ በሊትር እስከ 100 ሚሊግራም ድረስ። ፒኤቹ፣ ማለትም የውሃው አሲድነት ወይም ቤዝነት መለኪያ፣ ለቁሱ እንደሚመች ይስተካከላል። ከዚያ "በግራም ይህን ያህል ሚሊግራም ያዘ" ይባላል። ቁጥሩ ያጓጓል። የእኛ ጉድጓድ ግን እንደዚያ አይደለም። ፍሎራይዱ በሊትር ጥቂት ሚሊግራም ነው፤ ውሃው ውስጥ የሟሟው ሲያንስ ቁሱ የሚይዘውም ያንሳል። ፒኤቹ ከፍ ያለ ነው። በእንዲህ ያለ ውሃ የሚበዛው ሃይድሮክሳይድና ፍሎራይድ በመጠንም በቻርጅም ስለሚቀራረቡ ለአንድ ወንበር ይጋፋሉ። ባይካርቦኔቱም ይጋፋል። ከድንጋዩ የሟሟው ሲሊካም ቁሱ ላይ ይለጠፋል። በላቦራቶሪ አንበሳ የነበረው ቁስ ከእኛ ውሃ ጋር ሲገናኝ ጉልበቱ ይከዳዋል።

ይህ ለቤት ምን ማለት እንደሆነ በክፍል ውስጥ ከተማሪዎቼ ጋር አስልተናል። ውሃው በሊትር 5 ሚሊግራም ፍሎራይድ አለው እንበል። ወደ 1.5 ለማውረድ ከእያንዳንዱ ሊትር 3.5 ሚሊግራም መውጣት አለበት። አንድ ቤተሰብ ለመጠጥና ለማብሰያ በቀን አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይጠቀማል። ያ በቀን 70 ሚሊግራም ነው። በዓመት 25,550 ሚሊግራም። ቁሱ በእኛ ውሃ ውስጥ በግራም 5 ሚሊግራም ብቻ የሚይዝ ከሆነ ያ ቤት በዓመት ከአምስት ኪሎ በላይ ቁስ ያስፈልገዋል። 50 የሚይዝ ከሆነ ግማሽ ኪሎ ያህል ይበቃዋል። አምስት ኪሎ ተሸክሞ መቀየርና ግማሽ ኪሎ ቀይሮ መሄድ ለአንዲት እናት አንድ አይደሉም።

ስለዚህ የምለምናችሁ ዲዛይኑ ከጀሪካኑ እንዲጀምር ነው። ከመጀመሪያዋ ቀን ጀምሮ፣ ቁሱ ገና የወረቀት ላይ ሐሳብ ሆኖ ሳለ፣ የሚፈተንበት ውሃ የእኛ ጉድጓድ ውሃ ይሁን። የተጣራ ውሃ ለንጽጽር ይቆይ። ውጤቱም በግራም ምን ያህል ሚሊግራም ያዘ ከሚለው ጎን "አንድ ኪሎ ስንት ጀሪካን ከ1.5 በታች ያወርዳል" ተብሎ ይጻፍ። ይህን ቁጥር ባለ ጋሪውም ይረዳዋል።

ሌላው ዱቄቱ ነው። ናኖ ዱቄት እንዳለ ሆኖ ቤት ሊገባ አይችልም። ቱቦ ውስጥ ቢሞላ ውሃ አያሳልፍም። ባልዲ ውስጥ ቢማሰል በነጠላ አይጠለልም፤ ከውሃው ጋር ይጠጣል። አንዱን መርዝ በሌላ እንዳንለውጥ እፈራለሁ። እዚህ ላይ አዳማ ያላትን ነገር ልጥቀስ። በከተማችን ዳርቻ ብሎኬት የሚያመርቱ ወጣቶች ከመሬት ዝቀው ከሲሚንቶ ጋር የሚያቦኩትን ፑሚስ ታውቁታላችሁ። እፍኝ ሙሉ ብታነሡት ክብደት የለውም። ውሃ ላይ ብትጥሉት ይንሳፈፋል። እሳተ ገሞራው አብሲት ጥሎበት ዓይን በዓይን ሆኗል። ስሱ ቁስ በዚህ ድንጋይ ዓይኖች ውስጥ ግድግዳውን ይዞ ቢያድግስ? አይጣበቅም፣ አይበንም፣ ውሃውም በነፃ ያልፋል። ፑሚስን በአሉሚኒየም ኦክሳይድ ለብጦ ፍሎራይድ ለማውጣት መሞከር አዲስ ሐሳብ አይደለም፤ በሌላ አገር ተሠርቶበታል። እኛ ግን ድንጋዩም በሽታውም በአንድ ቦታ ነው ያለን። ከዚህ የተሻለ የመፈተኛ ቦታ የት ይገኛል?

ስለ ጥሬ ዕቃው ብዙ አልልም፤ ከእኔ እናንተ ታውቁታላችሁ። ዚርኮኒየም ከውጭ በዶላር የሚመጣ ነው። ብዙ ሞፎች የሚሠሩበት ፈሳሽም መርዛማና ውድ ነው። በውሃ ውስጥ የሚሠሩ የአሉሚኒየም ሞፎች አሉ። ከማግኒዚየምና ከአሉሚኒየም የሚሠሩ፣ እንደ መጽሐፍ ገጽ የተደረደሩ ንብርብር ሃይድሮክሳይዶችም አሉ። ወደ 500 ዲግሪ ገደማ ሞቀው ውሃ ሲነካቸው መልሰው ገጻቸውን ይሠራሉ፤ ሲሠሩም ፍሎራይዱን በገጾቹ መሐል ያስገባሉ። ይህን ባህሪ ሳነብ ቁሱ ራሱ የሚያስታውስ መሰለኝ። በአሉሚኒየም ስትሠሩ ግን ፍሎራይድ አሉሚኒየሙን እያሟሟ ወደ ውሃው እንዳያወጣው ለኩልን። በምንጠጣው ውሃ ውስጥ ምን እንደገባ ማወቅ አለብን፤ ምን እንደወጣ ብቻ አይበቃንም።

አሁን ወደ ሰማያዊው በርሜል ልመለስ። እባካችሁ ሲሞት የሚናገር ማጣሪያ ሥሩልን። ተማሪዎቼ እንኳን የሚያውቁት ነገር ነው፤ ዚርኮኒየም ከአንዳንድ ቀለሞች ጋር ሲያያዝ አንድ መልክ ይይዛል፣ ፍሎራይድ መጥቶ ዚርኮኒየሙን ሲነጥቀው መልኩ ይለወጣል። አሊዛሪን ከሚባለው ቀለም ጋር ሲሆን ከቀይ ወደ ቢጫ ይሄዳል። ከዚህ የተሠራ ትንሽ ነገር ውሃው በሚወጣበት ቧንቧ አፍ ላይ ቢቀመጥና ቁሱ ሲጠግብ ቢጫ ቢሆን፣ የሦስተኛ ክፍል ልጅ "ቢጫ ሆኗል፣ አትጠጡ" ብላ ጓደኞቿን ታስቆማለች። ቁሱ ተጨማሪ አምስት ሚሊግራም እንዲይዝ ከምትደክሙ ይህቺን ብትጨምሩልን እመርጣለሁ። የበርሜሉ ከሰል መጥፎ አልነበረም። መጥገቡን የሚናገርለት ነበር ያጣው።

የጠገበውስ የት ይሄዳል? በኮስቲክ ሶዳ ታጥቦ እንደገና ይሠራል ይባላል። እውነት ነው። ግን ያ እጣቢ ፍሎራይዱ ተጠራቅሞ የተቀመጠበት ውሃ ነው። ጓሮ ከተደፋ ዶሮውም ጎመኑም ያገኘዋል። እጣቢው በአንድ ማዕከል ተሰብስቦ በካልሲየም እንዲዘቅጥ ከአሁኑ ይታሰብበት። ቤት ለቤት የሚታጠብ ነገር አታድርጉት።

ለውሃ ሥራ ኃላፊዎች የምለው አጭር ነው። ናኖው እስኪደርስ ድረስ ዛሬ የሚቻል ነገር አለ። በእያንዳንዱ የጉድጓድ ቦኖ ላይ የፍሎራይዱን ቁጥር በቀለም ጻፉልን። ከወሰኑ በላይ ከሆነ ቀይ፣ በታች ከሆነ አረንጓዴ። ሁለት ጉድጓድ ባለበት ሰፈር ሰው አንዱን ለልብስና ለከብት፣ ሌላውን ለመጠጥ ይለያል። እናት ከሁለት ቦኖ ራቅ ያለውን ለልጇ ስትል ትመርጣለች፤ ቁጥሩን ካወቀች። የአዋሽ መስመር በሚደርስበት ቦታ ደግሞ ያ ውሃ፣ የዝናብ ውሃም ጭምር፣ በቅድሚያ ለሕፃናትና ለእርጉዞች መጠጥ ይዋል። ስምንት ዓመት ያልሞላው ልጅ ያለበትን ቤት መለየት ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ከባድ አይደለም፤ በየቤቱ ይገባሉ።

ከዩኒቨርሲቲው የምጠይቀው አንድ ነገር ልጨምር። ፍሎራይድ የሚለካ ኤሌክትሮድ ያለበት ክፍል በወር አንድ ቀን ለሕዝብ ይከፈት። ሰው በሃይላንድ ጠርሙስ ውሃውን ይዞ ይምጣ፣ ቁጥሩን በወረቀት ይዞ ይሂድ። እኔ አዲስ አበባ ድረስ የሄድኩት ጓደኛ ስለነበረኝ ነው። ጓደኛ የሌለው የት ይሂድ? ለእናንተም ቢሆን በአንድ ዓመት ውስጥ የአካባቢውን ጉድጓዶች ካርታ ሰው ራሱ በእግሩ እያመጣ ይሠራላችኋል።

የምፈልገው ሁሉን ከእናንተ ለመጠበቅ አይደለም። የሳይንስ ክበባችን 31 ተማሪዎች አሉት። ባለፈው ወር ይህን ደብዳቤ ረቂቁን አንብቤላቸው ነበር። ናሙናውን እኛ እንቀዳለን አሉ። በፕላስቲክ መያዣ እንደሚቀዳ አውቀዋል፤ ፍሎራይድ ከመስታወት ጋር እንዳይነካካ። ጠርሙሱ ላይ የቦኖውን ስም፣ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የቀዳውን ልጅ ስም እንጽፍበታለን። ቅዳሜ ጠዋት ይመቸናል። በባጃጅ አምጥተን በራችሁ ላይ እናስረክባለን። ለሙከራ የሚሆን ጀሪካን ሙሉ ከፈለጋችሁም ባለ ጋሪ ተነጋግረናል።

የመጀመሪያውን እኔ ነኝ የምቀዳው ያለችው ያቺ ፎቶ ላይ ከንፈሯን የገጠመችው ልጅ ናት። ቤታቸው የሚጠጣው ከጉድጓድ ነው። የእሷ ጥርስ ከእንግዲህ በውሃ እንደማይስተካከል ነግሬያታለሁ፤ የጥርስ ሐኪም ሊሸፍነው እንደሚችልም ነግሬያታለሁ። "አውቃለሁ" አለችኝ። "ለወንድሜ ነው።" ወንድሟ ሁለት ዓመት ከመንፈቁ ነው። ቋሚ ጥርሶቹ ድዱ ውስጥ እየተሠሩ ነው።

መልሳችሁን በአክብሮት እጠብቃለሁ።

አንድ የኬሚስትሪ መምህር
አዳማ